የሁሉም ሣጥን

ክዳኑ ሲነሣ አልዲት እርቃኗን ነበረች።

የኤልምሳይድ ደብር ያለው የሬሳ ሣጥን አንድ ብቻ ነው። የሀብታምም የድሃም ሬሳ በእሱ ይመጣል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ይወጣና በመግነዙ ብቻ ይቀበራል። ሣጥኑ ለሚቀጥለው ሰው ይመለሳል።

ተሸካሚዎቹ ክዳኑን ሲይዙ ከኋላ አንዲት ሴት ጮኻ ነበር።

"ምን ሆናችሁ? እንዳለች ቅበሯት እንጂ!"

ሐዘን ነው ብለው አለፉት።

አልዲት ከቤት የወጣችው በነጭ በፍታ ተገንዛ ነው። ባሏ ሃሞ፣ የሱፍ ነጋዴው፣ ከወደብ ያስመጣው በፍታ። አሁን የለም። ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሃሞ እጁን ዘረጋ፤ የሚሸፍንበት ግን አልያዘም።

ገናዧ ጉኒልድ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ካባዋን አውልቃ ሬሳውን አለበሰችው።

የመንደሩ ሹም ተርስተን አያት። ለምን እንዲህ ቸኮለች?

ሬሳው ከጸሎቱ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ብቻቸውን የቆዩት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ሻማ ያበራችው ጉኒልድ ናት። ሌላዋ ልጸልይ ብላ የገባችው የሃሞ እህት ሳቢና፤ ከከተማ የመጣች፣ ሐር የለበሰች።

ተርስተን ማንን እንደሚጠይቅ አላመነታም።

"በፍታው የታለ?"

"የገነዝኳት እኔ ነኝ። ራሴ አስሬ ራሴ ልፍታ?"

"ድሃ ነሽ።"

"እሱን ዛሬ ነው የሰማኸው?"

አንዳንዱ ሳቀ። ተርስተን ተናደደ።

"ቤትሽ ይፈተሻል።"

ሕዝቡ ተከትሏቸው ሄደ። በሩ ላይ ተጠቅጥቆ ቆመ። አንድ ክፍል ቤት ነው። የአጃ ገንፎ የደረቀበት ድስት፣ አንዲት ዶሮ፣ ጥግ ላይ የተነጠፈ ጭድ። ተርስተን ጭዱን በዱላው ገለባበጠው። ምንም የለም። ብርድ ልብስ እንኳ የለም።

"ምን ለብሰሽ ነው የምትተኚው?" አለ፣ ሳያስበው።

"ካባዬን። አሁን አልዲት የለበሰችውን።"

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ተርስተን ጎንበስ ብሎ ወጣ። ጆሮው ግሏል። ውጭ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ለጓደኛው ሲያጉረመርም ሰማ።

"ቂል ሌባ! ሣጥኑ እንደሚከፈት እያወቀ!"

ተርስተን ቆመ። እውነት ነው። ኤልምሳይድ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። የሰረቀው ሰው ክዳኑ ዳግም የሚከፈት አልመሰለውም። እንዳለች ቅበሯት ያለው ጩኸት ትዝ አለው።

ወደ መቃብሩ ተመለሰ። ሳቢና ከወንድሟ ጋር አሁንም ጉድጓዱ አጠገብ ነበረች።

"እመቤት ሳቢና፣ በከተማ ሰው እንዴት ነው የሚቀበረው?"

"እንደ ክርስቲያን ነዋ። ያለው ሰው ከነሣጥኑ፣ ክዳኑ በሚስማር ተመትቶ።"

"አልዲትም እንደዚያ የምትቀበር መስሎዎት ነበር።"

የሳቢና እጅ ወደ ወገቧ ሄደ። ጠዋት ላልቶ የነበረው ቀሚስ አሁን ወገቧ ላይ ተወጥሯል።

"ሳቢ?" አለ ሃሞ። "አንቺ? በሐር የምትሄጂው?"

"ሐሩ አንድ ነው፣ ወንድሜ። እናንተ ጋ የምመጣበት። ባሌ ከአልጋ መነሣት አቅቶታል፤ ዛሬ ነገ እየተባለ ነው። የምገንዝበት አንሶላ እንኳ አልቀረኝም። ሁሉንም ሸጥኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስመጣ ሁሉ ሀብታም ነኝ እያልኩ? አልዲት ክዳኗ ተመትቶ አፈር ልትገባ ነው፣ ማን ያያታል አልኩ።"

ከሴቶቹ ኋላ ሄዳ በፍታውን ከወገቧ ፈታች። ረጅም ነበር። ሃሞ ተቀብሎ ወደ ጉድጓዱ ዞረ።

"ተወው፣ ሃሞ፣" አለች ጉኒልድ። "አልዲት ለብሳለች። ለበሽተኛው ትውሰድለት።"

ሳቢና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በፍታውን ሃሞ ራሱ አጣጥፎ ክንዷ ላይ አኖረላት።

ተርስተን ወደ ጉኒልድ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ ጉኒልድ፣ ካባዬን ቤትሽ አመጣልሻለሁ።"

"ቤቴን አይተኸዋል፤ ምን ያመጣሃል? እዚሁ ስጠኝ። ስትፈትሸኝ ሰው ሁሉ እያየ አልነበር?"

ተርስተን የካባውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ጉኒልድ ቆማ ጠበቀችው፤ መንደሩም ከኋላዋ።