የነጣው ወርቅ

ልብስ ሰፊው ጥፍሮቹን ፍራሹ ላይ ሰክቶ፣ አፉን እንደከፈተ ሞቷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የማንደጃውን አመድ በእንጨት ጫረችው፤ ብርማ ጠብታዎች ተንከባለሉ።

«ባዜቃ ነው፤ ጢሱ የሚገድል ፈሳሽ ብረት» አለች። «ማን አዘዘለት?»

መድኃኒት ቀማሚው ወደ ፊት ቀረበ። ጥርሱ የረገፈ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ደጅ ላይ ጎረቤቱ ድንጋይ ጨብጦ ይጠብቀዋል። ገዳይ ነው ለማለት ምን ቸገረ፤ አፍ እንደሆነ ቀረጥ የለበትም።

«እኔ ነኝ፤ ለእግሩ ቁስል። ሽንብራ የምታህል ጠብታ ፍም ላይ ጣል ተደርጋ ይታጠናታል፤ በሩ ግን ወለል ብሎ ይከፈታል። ብልቃጡን ለሚስቱ ሰጥቼ ነግሬያታለሁ።»

«ትናንት እናቴን ልጠይቅ ስወጣ ክፍት ነበር» አለች ሚስትየዋ። «ዛሬ ጠዋት ስመለስ ተዘግቷል፤ በሥሩም ቁራጭ ጨርቅ ከውጭ ተወትፎበታል። ብልቃጡ ባዶ ነው።»

«ቀለበትሽስ?»

«መሀረቤ ውስጥ ነው። እኚህ አባባ ‹ባዜቃ ስትነኪ ወርቅ አውልቂ› ብለውኛል።»

መርማሪዋ ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ ስፌት ሱቃችን ነበርኩ! ያንን መርዝ በዓይኔም አላየሁት። ይሄን ሽማግሌ እሰሩልን እንጂ!»

ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ድንጋይ የያዙትንም ጭምር።

«በሩን የዘጋው ሊገድል የፈለገ ነው። ጨርቁ የልብስ ሰፊ ቁራጭ ነው፤ እሱ በሚስትም በወንድምም እጅ አለ። ባዜቃ ግን ወርቅ ያነጣልና የሚነካው ሁሉ ወርቁን ያወልቃል፤ ቀማሚው ያውቃል፣ ሚስትም ተነግሯታል። ያልተነገረው አንድ ሰው ነው። አንተ፣ እጅህን አምጣ!»

«ብር ነው!» አለ ወንድምየው፣ ጣቱን ጨብጦ።

«አዙረው።»

ቀለበቱ ሲዞር ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ታየ።

«የአባታችሁ ወርቅ አይደል እንዴ!» ጮኸች ሚስትየዋ። «ወንድምህ ምን አደረገህ?»

«ምን አደረገኝ? ሃያ ዓመት ቁልፍ ብቻ አስተከለኝ! አንድ ቀን መቀሱን አላስነካኝም። ባለፈው ሳምንት ግን መቀሱን ላንቺ ሰጠ!»

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ወደቁ። ወንድምየው ታስሮ ሲሄድ ቀማሚው ደረቱን ነፋ።

«አላልኩም? መድኃኒቴ ንጹሕ ነው። ስንቱን አድኛለሁ!»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቀዳዳው የእርስዎ ነው። የዳኑት ይመሰክሩልዎታል፤ የሞቱትን ማን ጠየቃቸው?» የሚንቀጠቀጥ እጁን ያዘችው። «ይሄ ዘወትር ባዜቃ የሚነካ እጅስ ምን ሆነ?»

«እርጅና ነዋ።»

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

በድዱ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«አርባ ሁለት።»