ድልድዩ ደረቀ?

የሉባባ ቤት ከድልድዩ ወዲህ ነው። የአባቷ ትልቁ የጭነት መኪና ግን ከድልድዩ ወዲያ ቆሟል።

ድልድዩ አርጅቶ ተቦርቡሮ ነበር። ሠራተኞች መጡና «ኳ! ኳ! ኳ!» አሮጌውን ፈነቀሉት፣ አዲስ ሲሚንቶ አፈሰሱበት።

አሁን ማንም አያልፍም። ወንዙም ሞልቷል። አባቷ ጭነቱን ጥሎ የት ይሄዳል?

ማታ ማታ አባቷ ከማዶ ክላክስ ያደርጋል። «ጷ! ጷ!»

ሉባባም ታጨበጭባለች። «ጧ! ጧ!» ደህና እደር፣ ደህና እደሪ ማለታቸው ነው።

ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች። «እትዬ ዝናሽ፣ ድልድዩ ደረቀ?»

«ገና ነው፣ የኔ እናት። ገና ነው።»

እትዬ ዝናሽ የድልድዩ ሠራተኛ ናቸው። ሲሚንቶውን በጆንያ ሸፍነው ውሃ ያጠጡታል። «ቿ! ቿ!»

ሉባባ ተናደደች። በሚደርቅ ነገር ላይ ውሃ ይፈሳል? እንዲህማ ከሆነ መቼም አይደርቅም፣ አባዬም መቼም አይመጣም!

ሠራተኞቹ ምሳ ሲሄዱ፣ ጆንያዎቹን ገለጠች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፀሐዩ እሳት ነበር።

ከማዶ «ጷ! ጷ! ጷ! ጷ!» ተሰማ። «አባዬ ደስ ብሎት ነው» አለች ሉባባ።

ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ደረቀ። ደርቆም ተሰነጠቀ።

«ኳ! ኳ! ኳ!» የተሰነጠቀው ተፈነቀለ። እንደገና አዲስ ፈሰሰ። «እንግዲህ ሌላ ሰባት ቀን» አሉ እትዬ ዝናሽ።

ሰባት ቀን! ሉባባ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች።

ያን ማታ አባቷ «ጷ! ጷ!» ሲል አላጨበጨበችም። «ጷ! ጷ!» ደገመላት። ሉባባ ጆሮዋን ደፈነች።

በማግሥቱ ወደ ድልድዩ ሄደች። «እትዬ ዝናሽ፣ የገለጥኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ዝናሽ የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ። «ሲሚንቶ ከተጠማ ይሰነጠቃል። ውሃ ጠጥቶ ነው የሚጠነክረው። በይ፣ ጣሳ ያዢ።»

«ቿ! ቿ!» ሉባባ አጠጣች። እጇ ዛለ፣ ቀኑ ግን አላልቅ አለ።

መንገደኞች «ደረቀ?» ሲሏት «ገና ነው» ትላለች። ድምፅዋ በሐፍረት ዝቅ ይላል።

በስምንተኛው ቀን ከማዶ የቆሙት መኪኖች ተነሡ። «ጷ! ጷ!» አባቷ ድልድዩን ተሻገረ!

ሉባባ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ግን አለቀሰች።

ሲተኙ በነጠላዋ ተሸፍና ነገረችው። «አባዬ፣ የዘገየኸው በኔ ነው።»

«አይቻለሁ» አለ አባቷ። «‹ተዪ! ተዪ!› ስል እኮ ነው ክላክስ ያደረግኩት።»

ሉባባ ጭራሽ ተሸፈነች።

«ውሃ ስታጠጪም አይቻለሁ። በየቀኑ።»

ነጠላው ትንሽ ተገለጠ። «ነገ ትሄዳለህ?»

«ነገ እሄዳለሁ፣ የኔ ልጅ።»

የሉባባ ሆድ ባባ። አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ቀስ አድርጎ «ጷ፣ ጷ» አላት።

ሉባባም በትንሽ እጇ ደረቱን መታ መታ አደረገች። «ጧ፣ ጧ።»