የጆሮ ፍሬዋ ያላሰማችው ቃል

«አጥፊው አልኩሽ፣ አጥፊው! ይሄ ነገርሽ ሳይመጣም እኮ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር!»

«ይጫወቱ ነበር፣ ጋሽ ሙክታር። ከአስር ሙከራ ስምንቱን እየሳቱ። የሦስት ዓመት ሥራዬን በአንዲት ልጅ ምክንያት አላጠፋም።»

«አቦ፣ አንዲት ልጅ አትበይኝ! ስም አላት። ሂክማ ትባላለች።»

አሰልጣኝ ሙክታር ቆቡን አውልቆ በጉልበቱ ላይ መታው። ስልሳውን አልፏል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ኳስ የነካ ሕፃን ሁሉ በእጁ አልፏል ማለት ይቻላል። ከበላያቸው ጥላ ሰማዩ ተዘርግቷል። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚያለብሰው ይህ ስስ ሸራ የቀኑን ሙቀት እየጠጣ ለመንገድ መብራት ያስቀምጣል፤ በገንደ ቆሬ ሜዳ ቀትር ላይ መጫወት የተቻለውም በእሱ ነው። ሴቶቹ ልጆች ከጥላው ሥር እያሟሟቁ ነበር፤ ለጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል።

የመሣሪያው ፈጣሪ ትርሲት እየሰማችው ሥራዋን ቀጠለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የጆሮ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በለስላሳ ጨርቅ ትጠርጋለች። የጆሮ ፍሬ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ ናት፤ ተጫዋቿ ጆሮ ውስጥ ትገባና የልብ ምቷን፣ ትንፋሿን፣ የጡንቻዋን መወጠር እያነበበች በሰዓቱ ትመክራታለች። «ቀና በይ» ትላለች፤ «በግራሽ ሰው አለ» ትላለች። የሜዳውን ጫጫታም አጣርታ የሚጠቅመውን ብቻ ታስገባለች። ትርሲት የሠራቻት ፈሪ ልጅ እንዳትኖር ብላ ነው።

ሂክማ ግን ፈርታለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ኳስ ስትመታ በረኞች ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር፤ አሁን ግን ወር ሙሉ አንድም ጊዜ ወደ ግብ አልሞከረችም። ኳስ ሲደርሳት እንደ ትኩስ ድንች ለሌላ ትወረውራለች። እናቷ ለሙክታር ቁርጡን ነግረውታል፦ «ሜዳ ገብታ የምትሸማቀቅ ከሆነ ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ስሟን አሰርዛለሁ።» አሁንም የተመልካች መቀመጫው ላይ ነበሩ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው።

ትርሲት የሂክማን ፍሬ አንስታ ሙሉ መዝገቧን በእጅ ሰሌዳዋ ላይ ከፈተች። ፍሬዋ የተናገረችውን ደጋግማ አንብባዋለች፤ አንድም ክፉ ቃል የለበትም። መቼ እንደተናገረችው ግን አይታ አታውቅም ነበር። ከወር በፊት የነበሩትን ምቶች ሁሉ ከቃሎቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ ደረደረቻቸው።

ጨርቁን አስቀምጣ እንደገና ቆጠረች።

ፍሬዋ ስልሳ አንድ ጊዜ «አይዞሽ» ብላለች። ሁልጊዜም ኳሷ ከመመታቷ አንድ ሰኮንድ ተኩል በፊት። ከስልሳ አንዱ ምት ሃምሳ ስምንቱ ተስቷል። ፍሬዋ አላሳተቻትም፤ ከጡንቻዋ መንቀጥቀጥ መሳቷን አስቀድማ እያየች፣ በተማረችው ደግነት ታበረታታት ነበር።

«ሂክማ! እስቲ ነይ።»

ልጅቷ እየሮጠች መጣች። «አቤት ቲቸር።»

«ፍሬዋ አይዞሽ ስትልሽ ምን ይሰማሻል?»

ሂክማ የሞኝ ጥያቄ እንደተጠየቀ ሰው አየቻት። «ልስት ነዋ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አይዞሽ ማለት እኮ ትስቻለሽ ማለት ነው። ሁላችንም እናውቃለን። ነኢማን ስትላት ለእኔ ታቀብለኛለች፣ እኔን ስትለኝ ለነኢማ።» ሳቀች። «አንዳንዴ ሁለታችንንም ትለናለች፤ ያኔ ወደ ውጭ ነው!»

ትርሲት አልሳቀችም። ሰው ሁሉ ከእናቱ አፍ የሰማው ያ ቃል፣ እዚህ ሜዳ ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ትርጉሙ ተገልብጧል። ማንም አላስተማራቸውም። የልጆቹ ገላ ራሱ ቆጥሮ ደርሶበታል።

ዞር ብላ ሙክታርን አየችው። «እሺ» አለችው። ፍሬዎቹ እየመዘገቡ እንዲቀመጡ፣ ግን እንዳይናገሩም እንዳያጣሩም አደረገቻቸው።

«ምናለ ጧት ብትሰሚኝ?» አለ ሙክታር። ቢሆንም ቆቡን መልሶ አጠለቀ።

ተጋጣሚዎቻቸው የሳቢያን ሰፈር ልጆች ገና ከጅምሩ ሁለት አገቡባቸው። የገንደ ቆሬዎቹ በዝምታው ግራ ተጋብተው ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ እየከተቱ ይተያዩ ነበር። ከእረፍት በኋላ ቀስ በቀስ እርስ በርስ መጠራራት ጀመሩ። በሃምሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ነኢማ ግቡ አጠገብ ማልያዋን ተጎተተች፤ ዳኛዋ ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሰጠች።

ሙክታር በጣቱ ወደ ሂክማ አመለከተ።

ሂክማ ኳሷን አስቀመጠች፤ ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ሄደች። ያኔ ነኢማ ከፍቅሯ የተነሳ ጮኸች፦ «አይዞሽ ሂክማ!»

ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሂክማ እየሮጠች ነበር፤ ኳሷ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አሳጠረች። የቆመችበት እግር ሸርተት አለና በጀርባዋ ተዘረረች። ኳሷ እየተንከባለለች በቋሚው ጎን ወጣች።

«እኔን!»

ከየት እንደተጀመረ አይታወቅም። ነኢማ አለች፣ ሙክታር አለ፣ መቀመጫው ላይ ያሉት ሰዎች አሉ፤ የሂክማ እናት ቦርሳቸው ከጭናቸው ወደቀ። በደስታ መዝለል የሚገባት የሳቢያን በረኛ እንኳ እጇን አየር ላይ እንደሰቀለች «እኔን!» አለች። ትርሲትም ከራሷ አፍ ወጥቶ ሰማችው።

ሂክማ ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። በረኛዋ ሮጣ መጥታ እጇን ዘረጋችላት።

«የሳቢያን በረኛ ሆነሽ እኔን አልሽኝ?»

«አምልጦኝ ነው አቦ! ተነሺ፣ አቧራ ሆነሻል።»

ሁለቱም ሳቁ።

በቀሩት ደቂቃዎች ሂክማ ሦስት ጊዜ ወደ ግብ መታች። አንዱ ከግቡ በላይ ሄደ፣ አንዱ የበረኛዋን ሆድ አገኘ፣ ሦስተኛው ቋሚውን መትቶ ሜዳው ሁሉ ጮኸ። አላገባችም፤ ተሸነፉ። እናቷ ግን ከአጥሩ ጋር ተጣብቀው «መስመሩን አልፏል እኮ!» እያሉ ዳኛዋን ይሞግቱ ነበር። ስም ስለማሰረዝ ያነሳ አልነበረም።

ትርሲት አግዳሚው ላይ ቀርታ ፍሬዎቹ በሦስት ዓመት ውስጥ አጣርተው ያስቀሯቸውን ድምፆች ከፈተች። የመኪና ጥሩምባ፣ ፉጨት፣ ስድብ። ቀጥሎ፦ «እኔን»፣ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ። የተጣለበት ምክንያት አጠገቡ ተጽፏል፦ «የተሳሳተ የጉዳት ጥሪ። የወደቀው ሌላ፣ የጠራው ያልወደቀ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሜዳ ላይ የወደቀች ልጅ ሁሉ በዝምታ ነበር የወደቀችው።

ከሥሩ ፍሬዎቹ ከዛሬው ጨዋታ ያነሱት አዲስ ጥያቄ መልስ ይጠብቃል፦ «በሃምሳ አንደኛው ደቂቃ የወደቀችው አንዲት ናት። ሃያ ሦስት ሰዎች እኔን ብለዋል። ከሃያ ሦስቱ የተጎዳው የትኛው ነው?»

ትርሲት «ማንም» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ሁሉም» ብላ ጻፈች፤ ጥቂት አየችውና እሱንም አጠፋችው። አፏን ከፈታች ጀምሮ ስትለው የኖረችውን ቃል ዛሬ ገና ሰማችው፦ አንቺን ከሚያገኝሽ እኔን ያግኘኝ። ሜዳ ሙሉ ሰው፣ ለማሰብ እንኳ በማይበቃ ቅጽበት፣ በወደቀችው ልጅ ፋንታ የራሱን ገላ አቀረበ። ተቃራኒዋም ጭምር። መሳትን ከመሳት በፊት የምታየው መሣሪያ ይህን ከየትኛው ጡንቻ ታንብበው?

የመልሱን ቦታ ባዶ ትታ ሰሌዳዋን አጠፈች። ሜዳው ላይ ልጆቹ የሁለቱን ቡድን ማልያ ቀላቅለው ቋሚውን የመታችውን ኳስ እንደገና እየመቱ፣ ገብቷል አልገባም እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ ሙክታርም መሃላቸው ገብቶ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። ትርሲት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ከአግዳሚው ጀርባ ባለችው ትንሽ በር ወጥታ ቁልቁል ወደ መንገዱ ሄደች።