ያልዛለው ክንድ

አምብሮዝ ታሊ የተገኘው ቤተ መንግሥት ከተሣለበት መጋረጃ ጀርባ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። በአናጢ መዶሻ ማጅራቱን ብለውታል፤ ያውም ሆቭ ከተማ፣ በጋርሳይድ የፊልም መቅረጫ ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ኢንስፔክተር ፔንፎልድ ሲደርስ የሟቹ ሚስት ኤድና ካቴና ገብቶላት ነበር። ጠዋት ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች። ፔንፎልድ ከዚህ ባነሰ ማስረጃ የተሰቀለች ሴት አይቷል፤ ዳግም ማየት አልፈለገም።

«ምን ነበር የምትቀርጹት?»

«ጠንቋይ ሲሰወር» አለ ባለካሜራው ጋርሳይድ። «ጠንቋዩ አምብሮዝ ነው። ካሜራውን ሳቆም እሱ መጋረጃ ጀርባ ይገባል። ሌሎቹ በድንጋጤ እጃቸውን እንደሰቀሉ ይደርቃሉ፤ ዓይን እንኳ አይዞርም። ስቀጥል ጠንቋዩ የለም።»

«ስንት ደቂቃ ቆሙ?»

«ፊልሙ ተበጥሶብኝ አራት ደቂቃ ያህል። ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቼ ስጠግን ነበር።»

«ሲራገም ሰምተነዋል፣ ጌታዬ!» አሉ በፊልሙ ገረድ ሆነው የሚሠሩት አሮጊቷ ሚስስ ዊግስ።

ንጉሡን የሚሠራው ፐርሲ ናይ ከሁለቱ ሴት ተዋናዮች፣ ከኤድናና ከሚስስ ዊግስ፣ ኋላ ነበር የቆመው። «ፊልሙን ይዩት፤ እኔ ንቅንቅ አላልኩም» አለ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ፔንፎልድን ቀፈፈው።

በማግስቱ ፊልሙ ታጥቦ ታየ። ፔንፎልድ ሦስት ጊዜ አስደገመውና ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበ።

«ካቴናውን ፍቱላት። በሉ፣ እጃችሁን እንደ ትናንቱ ስቀሉ። እስክጨርስ እንዳታወርዱ።»

ሰቀሉ። እሱ ሰዓቱን አውጥቶ ደቂቃውን ይቆጥር ጀመር።

«ጋርሳይድ ሲራገም ተሰምቷል፤ እሱ አይደለም። የቀራችሁት ሦስት ናችሁ።»

የሚስስ ዊግስ ክንድ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የኤድናም ዝቅ አለ።

«ፊልሙም ላይ እንዲሁ ነው። ካሜራው ሲቀጥል የሁለቱ ሴቶች እጅ ዝሏል። የናይ ግን ገና ያኔ የተሰቀለ ይመስላል።»

«ልምድ ነዋ!» አለ ናይ።

«ታዲያ ልምዱ ዛሬ የት ገባ?»

ሁሉም ዞረው አዩት። የናይ ክንድ እስከ ትከሻው ወርዶ ይርገፈገፍ ነበር።

«ከኋላቸው ስለነበርክ አላዩህም። ሄደህ መታኸው፤ ተመልሰህ እጅህን እንደ አዲስ ሰቀልክ።»

ናይ እጁን ጣለ። «ለንደን ይዞሽ ሊሄድ ነበር» አለ ወደ ኤድና ዞሮ። «ላንቺ ብዬ ነው፣ ኤድና።»

ኤድና ካቴናው ያሰመረበትን እጇን እያሸች አየችው።

«ለእኔ? ትናንት ሲያስሩኝ አጠገቤ ነበርክ፣ ፐርሲ። ያን ጊዜ ግን እውነትም ንቅንቅ አላልክም።»