ሰማንያው ሳይሞላ

በሳጉሬ ከተማ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ አንዲት ሕፃን በዚያ ኅዳር ወር ሰባኛ ቀኗን ያዘች። ትንቢት ይሏታል። እናቷ ሰሎሜ ሁለት ፅንስ ከጨነገፈባት በኋላ፣ በትዳሯ በስድስተኛው ዓመት ያገኘቻት ብቸኛ ልጇ ነበረች። አባቷ እንደሻው የቢራ ገብስ ነጋዴ ነው፤ ወቅቱ የአጨዳ በመሆኑ፣ ልጅቱ በተወለደች በሳምንቷ ጎበሳ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄዶ፣ እዚያው ሰንብቶ ከገበሬው ገብስ ይሰበስባል። ስለዚህ ቤቱ በሁለት ሴቶች እጅ ነበር፦ በሰሎሜና በአማቷ በወይዘሮ ውድነሽ። ሁለቱም ሕፃኗን ከነፍሳቸው ይወዷት ነበር። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ! በዚያ ቤት የሆነው ሁሉ በጥላቻ የሆነ አይደለም። በጥላቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለመሸከም ይቀል ነበር...

የወይዘሮ ውድነሽ ሕግ አንድ ነበር፤ ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ሳትነሳ ከደጃፍ አትወጣም። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በየማለዳው ሣሩን በውርጭ በሚያነጣበት በዚያ ወር ሕጉ ይበልጥ ጠበቀ። መስኮቱ በጨርቅ ተወተፈ፤ የከሰሉ ምድጃ ከአልጋው አጠገብ አይነሳም፤ ሕፃኗም በሁለት ሹራብ፣ በፎጣ፣ በነጠላና በጋቢ ተጠቅልላ ከዓይኗና ከአፍንጫዋ በቀር የሚታይ አልነበራትም። የስድስት ሳምንቱ ክትባት እንኳ «ክርስትናዋን ትነሳና ትወስጃታለሽ» ተብሎ ቀረ። ሴትዮዋ እንዲህ የሆኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ወጣት ሳሉ፣ የመጀመሪያ ሴት ልጃቸውን በስልሳ ቀኗ ታቅፈው ዘመድ ለቅሶ ሄደው ነበር። ልጅቱ በሳምንቱ እየሳለች ሞተች። መንደሩ «ብርድ መታት» አለ፤ እናትየዋም ብርድን እንደ ነፍሰ ገዳይ ሲፈሩት ኖሩ። በለቅሶው ቤት እያስነጠሱና እየሳሉ ሕፃኗን ተቀባብለው የሳሟትን ሰዎች ግን ማን ያስታውሳል?

በሰባኛው ቀን ወይዘሮ ውድነሽ ከገበያ ሲመለሱ አፍንጫቸው ይፈስ፣ ጉሮሯቸው ይከረክራቸው ነበር። ጉንፋን ነው፤ ጉንፋንን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? እንደ ልማዳቸው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ጉንጯን ሳሙ። ከሁለት ቀን በኋላ ትንቢት አስነጠሰች፤ ከሰዓት በኋላ ሳል ጀመራት። በግቢው አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሮሐ የምትባል ነርስ ነበረች። ሳሉን በግድግዳው በኩል ሰምታ በማግስቱ ጠዋት መጣች።

«እማማ ውድነሽ፣ እስቲ ደረቷን ልየው።»

«በዚህ ብርድ? አንቺ ልጅ፣ አልወለድሽም አይደል?»

«አልወለድኩም። ግን የስንቱን ልጅ ትንፋሽ ቆጥሬያለሁ።»

«እንግዲያው በልብሷ ላይ ቁጠሪ።»

«በጋቢ ላይማ የሚታየው ጋቢው ነው፣ እማማ!»

ሰሎሜ ሳታስበው ሳቀች፤ የአማቷን ፊት አይታ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። ሮሐ ጆሮዋን ወደ ሕፃኗ አፍንጫ አስጠግታ አዳመጠች፤ ለጊዜው ጉንፋን እንደሚመስላት ተናገረች። ስትወጣ ግን ሰሎሜን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ በዝግታ አስረዳቻት። «አብዛኛው ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይድናል። ጡት አታቋርጪባት፤ ከሰሉን አውጡት፤ እማማም እስኪሻላቸው ፊቷን አይሳሙ። ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ሕመሙ ቶሎ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ የሳንባ ምች ይሆናል። ዝም ባለችበት ሰዓት ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ሃምሳ ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ አየር ስትስብ ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለች... ሰሎሜ፣ ማንንም አትጠብቂ። በዚያው ሰዓት አሰላ ሆስፒታል ውሰጃት!» ይህን ተናግራ፣ የክትባት ዘመቻ ነበርና፣ ያን ዕለት ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሄደች።

ሰሎሜ ምልክቶቹን እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘቻቸው። ምን ዋጋ አለው? ምልክቶቹ ያሉት ከዚያ ሁሉ ልብስ ሥር ነበር! ሕፃኗ ሳል ከጀመራት ወዲህ ገላዋ አልታጠበም፤ ከወገቧ በታች ብቻ እየተገለጠች ትጸዳለች፤ ደረቷን ያየ ዓይን የለም። ከሰሉ አልወጣም። በሰባ አምስተኛው ቀን በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ ቀጭን የማቃሰት ድምፅ ተጨመረ፤ ጡት ስትሰጣት ሁለት ጊዜ ስባ ትለቅና ዓይኗን ትጨፍናለች። ድምፁ ሲሰማ ሰሎሜን ያስፈራታል፤ ሲጠፋ ደግሞ ልቧ ቀጥ ይላል። እናት ከራሷ ልጅ አጠገብ ተቀምጣ፣ በገዛ ቤቷ፣ የልጇን ደረት ለማየት ፈቃድ የምትለምንበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ስልኳን አንስታ ባሏን ጠራች።

«እንደሻው፣ ልጅቷ አልጠባም አለችኝ። አሰላ ልውሰዳት?»

«እማዬ ምን አለች?»

«ሰማንያዋ ይሙላ ነው የሚሉት።»

«እሷ እያለች ምን አስጨነቀሽ ታዲያ? እኔን ያሳደገች እሷ አይደለች? አይዞሽ፣ ለክርስትናው በግ ይዤ እመጣለሁ።»

በሰባ ስድስተኛው ቀን ጠዋት የትንቢት ከንፈር ጠቁሮ ታየ። ሰሎሜ ጫማዋን አጥልቃ ልጇን አነሳች። ወይዘሮ ውድነሽ ግን ቀድመዋት በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው?»

«አሰላ።»

«አራት ቀን ቀርቷት? ይህ ውርጭ ሳይነሳ አውጥተሽ ልትገያት ነው?»

«እማማ፣ እግርዎን ልሳም፣ ይልቀቁኝ! እዚሁ እጄ ላይ እየሞተችብኝ ነው!»

አማቲቱ ከበሩ ፈቀቅ አላሉም። እርሳቸውም ፈርተዋል። እንዲያውም ከሰሎሜ የከፋ ፍርሃት ይዟቸዋል፤ ከብርዱ በላይ፣ ልጅቱ ሳትጠመቅ እንዳትሞት ፈሩ። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ሳትጠመቅ ነበር የሄደችው። ስለዚህ ጎረቤት ልከው የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ጊዮርጊስን አስጠሩ። እስኪመጡ አንድ ሰዓት አለፈ... አንድ ሙሉ ሰዓት! ካህኑ ገብተው የሕፃኗን ፊት እንዳዩ ወይዘሮ ውድነሽ ጥያቄያቸውን እስኪጨርሱ አልጠበቁም።

«ሞት ያሰጋት ሕፃን ቀን አይቆጠርባትም። ውኃ ለብ አድርጉ፤ ልብሷን አውልቁ።»

ያን ልብስ ያወለቁት ያለበሷት እጆች ናቸው። ጋቢው ወረደ። ነጠላው ወረደ። ፎጣው በላብ ርሶ ነበር። ሁለተኛው ሹራብ ሲወልቅ ወይዘሮ ውድነሽ ባሉበት ደረቁ። ያቺ የእፍኝ ያህል ደረት በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች፤ አንድ በአንድ የሚቆጠሩት የጎድን አጥንቶቿ ቆዳዋን ገፍተው ይወጣሉ፤ የአንገቷ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰሎሜ የስልኳን ሰዓት እያየች ቆጠረች። ሃምሳን አለፈች፤ ስልሳን አለፈች፤ ደቂቃው ሲሞላ «ሰባ ስምንት» አለች። ካህኑ ጸሎቱን አሳጥረው፣ የጎረቤት ሴት የክርስትና እናት ሆና ቆማ፣ ሕፃኗን ወለተ ሥላሴ ብለው አጠመቋት። ወዲያው ወደ ወይዘሮ ውድነሽ ዞሩ።

«ሰማንያው ቀን የክርስትና ቀን ነው። የታመመ ሕፃን ሐኪም ቤት አይሂድ ያለ ማነው? ተነሡ!»

ማነው ያለው? ማንም አላለም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ወይዘሮ ውድነሽም አንድ ቀን አልጠየቁም።

በመናኸሪያው የነበረው ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ሾፌሩ ኢርሻድ ግን ሕፃኗን አንድ ጊዜ አይቶ ሞተሩን አስነሳ። «ሳይሞላ ነው የምንሄደው። የማይስማማው ይውረድ» አለ። ማንም አልወረደም። በመንገዱ አጋማሽ የትንቢት ትንፋሽ ሲያጥር፣ ወይዘሮ ውድነሽ እጃቸውን ሰደው መስኮቱን ከፈቱት። የደጋው ነፋስ ገባ። ከኋላ አንድ ሰው «እትዬ፣ ብርዱ! ይዝጉት እንጂ» አላቸው። «አየር ትሳብ! ተውልኝ፣ ልጄ፣ አየር ትሳብ!» ብለው ጮኹ።

አሰላ ሲደርሱ ሐኪሞቹ ተሯሯጡ፤ ኦክስጅን ተሰጣት፣ መርፌ ተወጋች፣ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ተተከለ። ወጣቱ ሐኪም የሳንባ ምች ሁለቱንም ሳንባዎቿን እንደያዘ ነገራቸው። «ከሁለት ቀን በፊት ብትመጡ መድኃኒቱ ጊዜ ያገኝ ነበር። ለምን ቆያችሁ?» አለ፤ ለመውቀስ ሳይሆን ለመዝገቡ። ወይዘሮ ውድነሽ አንገታቸውን ደፍተው ፍርዳቸውን ጠበቁ። ሰሎሜ ግን ወደ እርሳቸው አላመለከተችም። «ቆየን» ብቻ አለች። ከዚያ ቃል በኋላ ከአማቷ ጋር አልተነጋገረችም። አንዷ በአልጋው በስተቀኝ፣ አንዷ በስተግራ ቆመው፣ ያንኑ ደረት ሲወጣና ሲወርድ ይከታተላሉ። ወጣ... ወረደ... ወጣ... በማግስቱ እኩለ ቀን፣ ፀሐይ በመስኮቱ ሞልታ ሳለች፣ ወረደ፤ አልወጣም። ትንቢት በምድር ላይ የቆየችው ሰባ ሰባት ቀን ነው። አባቷ ተደውሎለት ከጎበሳ ሲበር የደረሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር።

ከቀብሩ መልስ ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው፤ ግን ለቅሶው እንግዳ ለቅሶ ነበር። አልቃሾቹ የሚሉት አጡ። ለሽማግሌ ደግነቱን፣ ለጎልማሳ ጀግንነቱን ያነሳሉ፤ ይህቺን ሕፃን ግን ከቤቱ ሰው በቀር በጤናዋ ጊዜ ፊቷን ያየ አልነበረም። ዓይን እንዳይበላት ተብሎ ፎቶ እንኳ አልተነሳችም። እንደሻው የስልኩን ምስሎች ደጋግሞ አገላብጦ አንድም አጣና፣ «ማንን ትመስል ነበር? ስትወለድ ካየኋት ወዲህ ተለውጣለች፤ እስቲ ንገሩኝ፣ ማንን ትመስል ነበር?» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰዎች የእግዜር ቁጣ ነው፣ ዕጣዋ ነው፣ ቀኗ ስለደረሰ ነው እያሉ አጽናኑ። ዕጣ! ሰው ሊያየው ይችል የነበረውን ነገር ሁሉ ዕጣ ብሎ ሲሸፍነው፣ ሐዘኑ በእርግጥ ይቀላል?

በሰባተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ ወይዘሮ ውድነሽ ልብሳቸውን በአንድ ጥቅል ቋጥረው ከጓዳ ወጡ። ድምፃቸው አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

«እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ፊቴን እያየሽ መኖር የለብሽም፣ ልጄ።»

ሰሎሜ ከዚያ የአሰላ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። በዓይኗ ውስጥ ቁጣው አልጠፋም፤ ምናልባትም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አይጠፋም።

«አይሄዱም።»

«ገዳይሽ ነኝ እኮ፣ ሰሎሜ...»

«አዎ፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አልረሳልዎትም። ግን ስትስቅ የግራ ጉንጯ ይሰረጉድ እንደነበር ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ማን አለ? እርስዎ ከሄዱ ልጄ እንደነበረች የሚመሰክርልኝ ማን ይቀረኛል?»

ወይዘሮ ውድነሽ ጥቅሉን ለቀቁት። እንደሻው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ባለበት፣ ሁለቱ ሴቶች አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እየተቀባበሉ፣ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ እያረመች፣ ቅንድቧን፣ የጆሮዋን ጫፍ፣ ልትተኛ ስትል የምታወጣውን ድምፅ፣ አባት ከልደቷ ወዲህ በሕይወት ሳለች ያላየውን ያን ፊት ነገሩት። ሲነግሩትም አመሹ።