አውቄ ነው

የሙዚቃ መምህሯ ስልካቸውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተው የልምምዱን ቅጂ ከፈቱት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ለብቻዋ እንድትዘፍን የተመረጠችው ቀጭኗ ልጅ መሰማት ነበረባት። የተሰማው ግን የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ የተንጠራራ፣ ጫፉ ላይ የሚሰነጠቅ።

«ማነው ክላክስ የሚያደርገው?» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ጥሩምባ የሚሏት ልጅ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ጩኸቱ የሷ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሌሎቹ አፋቸውን ገጥመው ማንጎራጎር ብቻ እንዳለባቸው ታውቃለች። ግን «ድምፅ ያለኝ እኔ፣ የተመረጠችው እሷ» የሚል ነገር ሲከነክናት ሰንብቷል። ቀጭኗ ልጅ ደግሞ ከኬጂ ጀምሮ ጓደኛዋ ናት።

«ያንቺ ድምፅ የታለ?» መምህሯ ቀጭኗን ጠየቁ።

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው፣ ቲቸር።»

ውሸት ነው። ጠዋት አብረው ሲመጡ መንገዱን ሙሉ ስትዘፍን ነበር። ጥሩምባ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እሺ፣ ሁላችሁም ቁሙ» አሉ መምህሯ። «እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። ትንፋሹ ከዚህ ይምጣ። ጉሮሮ ብቻውን ሲገፋ ድምፅ ይጮኻል እንጂ አይጠነክርም። አጠገባችሁ ያለውን መስማት ካቃታችሁ ደግሞ በዝቷል፤ ቀንሱ።»

ማንጎራጎር ጀመሩ። ጥሩምባ ቀነሰች፤ አሁንም ቀነሰች። ያኔ የጓደኛዋን ድምፅ ከጎኗ ሰማችው። ንጹሕ ነው፤ ሕመም የሚባል የለበትም። የፈራ ድምፅ ነው እንጂ።

መምህሯ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። «ለዝግጅቱ ካልተሻላት ሌላ ሰው ያስፈልገናል» አሉና ወደ ጥሩምባ ዞሩ። «አንቺ ትሞክሪዋለሽ?»

የተመኘችው ይኸው መጣላት። ግን ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«አይ፣ ቲቸር። አላመማትም። እኔ ነኝ የጮህኩባት።» እጇን ከሆዷ ላይ አወረደች። «አውቄ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። ጓደኛዋ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ትንሽ ፈቀቅ ብቻ አለች።

መምህሯ ለማስጀመር እጃቸውን አነሱ። «ከሁለተኛው ስንኝ እንጀምር» አሉ።

የጓደኛዋ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ጥሩምባ ከንፈሯን ገጥማ፣ ትንፋሿን ከሆዷ ይዛ፣ ከሥር ቀስ ብላ አጀበቻት። ድምፁ እየጠና ሲሄድ እሷ ይበልጥ ዝቅ አለች፤ የጓደኛዋ አንድም ቃል እንዳያመልጣት።