ጋሼ ሙላትን የሸወድኩበት ብር

እኔ ቡዳ ሲባል እንኳ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እዚህ ስደት አገር፣ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ አሥራ አንድ ዓመቴ፣ የማምነው የመዘንኩትን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ስነግርህ አበደ አትበለኝ፣ ወራዳ ብትለኝ ግን አልከፋም።

ሱሴ የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም መሰብሰብ ነው። አሜሪካኖቹ ገና አዲስ አገር ሳሉ፣ የንጉሥ መልክ አንፈልግም ብለው፣ ነፃነት የሚሏትን ፀጉሯን የለቀቀች ሴት ብራቸው ላይ ቀረጹ፣ ብሩ ግን በንግድ እየወጣ አልመለስ ሲላቸው ዶላሩን መሥራት ለረጅም ጊዜ አቆሙ። ነጋዴዎቻቸው ቡና ፍለጋ ቀይ ባሕር ድረስ ይመጡ ስለነበር፣ አንዳንዱ ዶላር ወደኛ አገር ሳይሻገር አይቀርም ብዬ እጠረጥር ነበር።

ጋሼ ሙላት ፉትስክሬይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። እዚህ አገር ዘመድ ሳይኖረኝ ስመጣ ሦስት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእናታቸው የወረሱት፣ የአንገት ማንጠልጠያ የተበየደለት አንድ ብር ነበራቸው፣ ማርትሬዛ ነው ይሉታል፣ ሲያወሩ ሁሌ በአውራ ጣታቸው ያሹታል። አንድ ቀን ተቀብዬ ሳየው ሴትዮዋ ማርትሬዛ አይደለችም፣ ፀጉሯ የተለቀቀ ነው። እመነኝ፣ ሁለቴ ገልብጬ አየሁት፣ ያ ስጠረጥረው የነበረው የአሜሪካ ዶላር ነው።

"ጋሼ፣ ጠቁሯል፣ አሳጥቤ ላምጣልዎት" አልኳቸው፣ የድሮ ብር እንደማይታጠብ እያወቅሁ።

"ውሰደው ልጄ፣ አንተ ብር ታውቃለህ።"

በሳምንቱ ከራሴ ስብስብ እውነተኛ ማርትሬዛ አንስቼ፣ ማንጠልጠያ አስበይጄ ሰጠኋቸው። እንደ ድሮ ሰው ጆሯቸው ሥር አንጠልጥለው በጥፍራቸው መታ አደረጉት፣ ደገሙት፣ ከዚያ "ተባረክ" ብለው ኪሳቸው ከተቱት። ዓይን የለ፣ ምን ያውቃሉ ብዬ ደስ አለኝ።

የሳቸውን ብር ታርኔት ሰፈር ወዳለው ቤቴ ወስጄ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ሰናይት "መሳቢያህ ውስጥ ምንድነው የሚፈገፍገው? አይጥ ገባ እንዴ?" አለችኝ። ጆሮዬን ስሰጥ እኔም ሰማሁት፣ ቀስ ብሎ የሚያሽ ነገር፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ስከፍተው ጸጥ አለ። እሽጉ አልተነካም፣ ሴትዮዋ ግን አፍንጫ የላትም። ስልኬ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ አየሁ፣ አፍንጫዋ አለ። ቀድጄ መዘንኩት፣ ስወስደው ሃያ ስድስት ግራም ነበር፣ ሃያ አምስት ሆኗል። መልሼ አሸግሁት። በሚቀጥለው እሑድ ከንፈሯ የለም፣ ሃያ አራት። ብናኝ እንኳ ብፈልግ እሽጉ ውስጥ የለም፣ ታዲያ ብሩ የት ይሄዳል?

አልቻልኩም፣ ይዤው ፉትስክሬይ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ "አመጣኸው?" አሉኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"የእናቴን ነዋ። የሰጠኸኝ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፁ ሌላ ነው።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉኝ?"

"በራስህ እግር እስክትመጣ ነዋ።"

አፈርኩ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አለቀስኩ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጠው አላሹትም፣ መልሰው እጄ ውስጥ አስገብተው ጣቶቼን አጠፉልኝ። "አሁንማ ያንተው ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ፣ "ከንፈሯ ሄደ አይደል? ዓይኗስ፣ አለ ገና?"

ስለ ከንፈሯ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ለሰናይት እንኳ። ብሩን ይዤ ወጣሁ፣ ቤቴ ገብቼም መሳቢያው ውስጥ መልሼ ቆለፍኩበት።

ያ ድምፅ አሁንም አለ፣ እኔ ግን መሳቢያውን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩም። ባለፈው ሳምንት ፉትስክሬይ መንገድ ላይ አግኝቻቸው ጎንበስ ብዬ "ጋሼ፣ እንደምን ነዎት" አልኳቸው። ድምፄን አወቁት። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን ነዎት?" ብለውኝ፣ ልጄ ይሉኝ የነበሩት ሰው እንደ ባዳ አንቱ ብለውኝ፣ በከዘራቸው መንገዱን እየዳሰሱ አለፉኝ።